ዝጉን ክፍት ያሰኘው ጥያቄ

ይህን ታሪክ ለመንገር በመድፈሬ አንባቢን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የተከበሩ ኃላፊዎች የሚነሡበትን ነገር በአደባባይ ማውራት ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ቢሆንም ዝም ብሎ መቀመጡም አላስቻለኝምና፣ አንገቴን ደፍቼ እነግራችኋለሁ።

አንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ቲኬት የሚሸጥ ድርጅት ነበረ። ቲኬቱ የሚሸጠውም፣ ተሳፋሪው ከመሳፈሩ በፊት የሚጣራውም በኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ግን በድርጅቱ ግቢ አልነበረም። ክላውድ በሚሉት፣ ከሠራተኞቹ አንዱም በዓይኑ አይቶት በማያውቀው የኪራይ ቤት ይኖር ነበር።

ይህን ኮምፒውተር የሚጠብቁት ሁለት ባለሙያዎች ነበሩ፤ ታላቂቱ ዘርፌ፣ ታናሹ አምሳሉ። ሰው በዘፈቀደ እየነካካ እንዳያበላሸው ብላ ዘርፌ አንድ የለውጥ መቁጠሪያ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን መንካት የሚፈቀድበትንና የማይፈቀድበትን ቀን የሚናገር የቀን መቁጠሪያ፣ አበጀች። ለውጥ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር የኮምፒውተር መስኮት ላይ አንዲት መስመር ጽፎ ይጠይቃል፤ መቁጠሪያውም «ክፍት» ወይም «ዝግ» ብሎ ይመልሳል። ይናገራል እንጂ የማንንም እጅ አይዝም። መንገደኛ የሚበዛበትን የፋሲካን ሰሞን ዘርፌ ከዳር እስከ ዳር ዘግታው ነበር።

በዚያው ሰሞን ከትውልድ ከተማዋ ከመርሳ መልእክት ደረሳት። አባቷ ያለ ፈቃዳቸው ካገባች ወዲህ አነጋግረዋት አያውቁም። አሁን ታመው ተኝተዋል፤ «ድምፄ ሳይጠፋ ትምጣና ልመርቃት» ብለዋል።

ዘርፌ ፈቃድ ወስዳ ስትወጣ አምሳሉን በር ላይ ያዘችው።

«አምሳሉዬ፣ አደራህን። እስክመለስ ምንም እንዳትነካ። ከተበላሸ እኔኑ ነው ከመንገድ የሚጎትቱኝ።»

«ኧረ እቴ! እጄን ይቁረጠው» አለ አምሳሉ። ሲናገር ከልቡ ነበር።

በማግስቱ፣ በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት፣ ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ውብሸት አንድ ፎቶ አስይዘው መጡ። ፎቶው የራሳቸው ነው።

«አምሳሉ፣ ይቺን የድረ ገጻችን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስቀልልኝ። ከሥሯ ‹እንኳን አደረሳችሁ› በልበት። የቦርዱ ሰብሳቢ ዛሬ ገጹን ያዩታል።»

«ኢንጂነር፣ መቁጠሪያው ዝግ ነው።»

«ማን ዘጋው?»

«ዘርፌ ናት።»

«እሷ የለችም አይደል እንዴ! እስኪ ጠይቀው።»

አምሳሉ ጻፈ። መቁጠሪያው «ዝግ» አለ።

«እስኪ በደንብ ጠይቀው! ትንሽ ትሕትና ጨምርበት።»

አምሳሉ አንድ ነገር ያውቃል። በዚያች መስመር ጫፍ ላይ ቀን ከጨመሩበት፣ መቁጠሪያው ስለዚያ ቀን ይመልሳል። ካልጨመሩበት ስለ አሁን። ኢንጂነሩ ከኋላው ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የአምሳሉ ጣቶች ከፋሲካ በኋላ ያለውን ማክሰኞ ጻፉ። መቁጠሪያው «ክፍት» አለ።

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ይኸው! አላልኩህም? ሰውም ሆነ ማሽን በወጉ ሲጠይቁት ይገባዋል።»

አምሳሉ ለአለቃ የሚሳቀውን ሳቅ ሳቀ። «ፎቶ ናት፤ ፎቶ ምን ታደርጋለች?» ብሎ ራሱን አባብሎ ሰቀላት።

ፎቶዋ ግን የባለቤቷን ሥልጣን ያህል ከባድ ነበረች። ቲኬቱን ሊያሳይ ገጹን የከፈተ መንገደኛ ሁሉ አስቀድሞ የኢንጂነሩን ፊት መሸከም ነበረበት። ብዙም ሳይቆይ ኮምፒውተሩ ተንበረከከ። አምሳሉ ፎቶዋን ቢያወርዳትም አልተነሣም። መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡሶቹ ሞተር አስነሥተው ቆሙ፤ ማን ከፍሏል ማን አልከፈለም የሚለይ ጠፋ። ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ዶሮ ያንጠለጠሉ አባቶች በሩ ላይ ተጨናነቁ።

አምሳሉ ለዘርፌ ስልክ ደወለ።

«እቴ፣ የት ደረስሽ?»

«አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፤ በጊዜ ገብቼ ነው። በሩ ላይ ግን ሰው እየጮኸ ነው። ምንድነው?»

«ኮምፒውተሩ አልነሣ አለኝ።»

«ነካኸው እንዴ?»

«ፎቶ ናት እኮ...»

«መቁጠሪያውን አልጠየቅኸውም?»

«ጠይቄዋለሁ። ክፍት አለኝ።»

«የመቼውን ነው የጠየቅኸው?»

ለአምሳሉ በስልኩ ውስጥ የሕፃን ልቅሶና የወያላ ጩኸት ይሰማው ነበር። ከዚያ ዘርፌ ለጎኗ ሰው «ይቅርታ፣ አሳልፉኝ» ስትል ሰማ።

ቢሮ ደርሳ አበጀችው። አንዲትም ክፉ ቃል አልተናገረችም። መንገደኛው ሁሉ ተሳፈረ፤ የእሷም አውቶቡስ ወንበሯን ባዶ ይዞ ሄደ። ሌላ ቦታ ያገኘችው በቀዳም ሥዑር ነው። መርሳ ስትደርስ አባቷ ገና በሕይወት ነበሩ። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ምርቃቷን አየቻት እንጂ አልሰማቻትም።

ድርጅቱም ነገሩን በዋዛ አላለፈውም። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አምሳሉ ጸሐፊ ሆነ። ኮሚቴውም መቁጠሪያው በአንድ ጠዋት ሁለት ዓይነት ቃል ስለሰጠ እምነት አይጣልበትም ብሎ እንዲነሣ ወሰነ። አምሳሉ እጁ እየከበደው ፈረመ።

ዘርፌ ጥቁር ለብሳ ስትመለስ ጠረጴዛዋ አጠገብ ሄዶ ቆመ።

«እቴ፣ ይቅር ትይኛለሽ?»

ቀና ብላ አየችው። «ዛሬ አልችልም፣ አምሳሉ። ሌላ ቀን ጠይቀኝ።»

እስካሁን አልጠየቃትም። በሯ ድረስ ይሄድና ይመለሳል።

ወዳጆቼ፣ የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው፤ እውነቱን አንዴ የነገረንን ሁለተኛ የምንጠይቀው ሳይገባን ቀርቶ አይደለም፤ እንቢታው ስላልተመቸን ነው። ደግሞም ጥያቄ ለሚያጣምም ሰው የሚመች መልስ አይጠፋም። ዕዳውን የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂው ሳይሆን፣ አደራ ብሎት የሄደው ሰው ነው። እናንተስ የምትፈልጉት መልስ እስኪመጣ ድረስ ጥያቄያችሁን ለውጣችሁ አታውቁም?

በሉ፣ ይህን ታሪክ ለማንም እንዳትነግሩብኝ። ኢንጂነሩ ከሰሙ፣ ኮሚቴ ያቋቁሙበታል።