በሦስት ቀፎ የተገኘችው ትል

አንድ ንብ አናቢ ነበረ። ታሪኩን የምነግርሽ፣ እቴነሽ፣ ስለ ጠየቅሽኝ ነው። በምትሠሪበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ፣ በአንድ ክፍል በተኙ ሦስት ሕሙማን ደም ውስጥ፣ ስሟ እምብዛም የማይሰማ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አግኝተሻል። አለቃሽ «የውሃና የአፈር ናት፤ ሰው አትገድልም፤ ከእጅሽ ገብታ ነውና ብክለት ብለሽ ጻፊ» አሉሽ፤ ጻፍሽም። ሁለቱ ሕሙማን ሞቱ። አንቺም «መምህር፣ ታላቄን ብቃወም ነውር አይሆንብኝም?» አልሽኝ። ጥያቄው ራሱ አስቆጥቶኛልና አድምጪ።

ይህ ሰው ብዙ ቀፎ ነበረው። የንብ ጠላት ጉንዳን መሆኑን ከአባቱ ተምሮ፣ በቀፎዎቹ መቆሚያ ዙሪያ ዘወትር አመድ ይነሰንስ ነበር። አንድ ዓመት የክረምቱ ብርድ ከቀፎዎቹ ሦስቱን አደከማቸው። ሚስቱ ስትከፍታቸው፣ በማር እንጀራው ውስጥ የምትሳብ ግራጫ ትል አገኘች፤ በሦስቱም ያው። በመዳፏ ይዛ መጣች።

«ኧረ አንተ፣ ይህችን እያት!»

«ይህች የጉድፍ ትል ናት። በተጣለ አሮጌ ሰም ላይ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ከእጅሽ ወድቃ ይሆናል።»

«በሦስቱም ቀፎ ከእጄ ወደቀች? ደግሞስ አመዱ ላይ የጉንዳን ዱካ የታለ?»

«አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? ንብ የሚፈጀው ጉንዳን ነው! ይልቅ አመድ ጨምሪበት!»

ይህን ብሎ ትሏን ከመዳፏ ላይ ጠርጎ ረገጣት። ሚስቱም አፈረችና አመዱን ጨመረች። እንዲህ ያለችው ትል በብርቱ ቀፎ ብትገባ ንቦቹ ጎትተው ያስወጧት ነበር፤ በደከመው ግን ሰሙን እየበላች ድሯን አደራችበት። በመስከረም ሦስቱም ቀፎዎች ባዶ ሆኑ። አንድም ጉንዳን አልተገኘም። አመዱ ግን ቁርጭምጭሚት ይውጥ ነበር!

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ጤነኛ ሰው ሳያውቃት የሚያልፋት ባክቴሪያ፣ ቀዶ ጥገና ያደከመውን፣ በደም ሥሩ ቱቦ የገባለትን ሕመምተኛ ትገድላለች። አንድ ጊዜ ብቻ ብትታይ፣ እሺ፣ ብክለት ትሁን እንበል። በሦስት ሰው ደም ውስጥ ያችው ስትገኝ ግን ብክለት ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው፤ ስንፍናውም ሰው ገድሏል! ሐኪሙ አንቺ የጻፍሽውን አምኖ ባክቴሪያዋን የማይነካ መድኃኒት ይጨምራል፤ አመድ በአመድ ላይ ማለት ይኸው ነው። አለቃሽ ያልተማሩትን ሁሉ «አይሆንም» ብለዋል። አንቺ ግን በዓይንሽ አይተሽ ዝም አልሽ፤ የእኔ ቁጣ በአንቺ የሚብሰው ስለዚህ ነው።

ታላቅ አክብሪ ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ሐሰት ጻፊ ግን አላልኩሽም። ሦስተኛው ሕመምተኛ ገና ይተነፍሳል። እዚህ ተቀምጠሽ ስለ ነውር ምን ትጠይቂኛለሽ? ተነሺ! የባክቴሪያዋን ስም ጽፈሽ ለሐኪሙ በእጁ ስጪው።