የአንጁሎ ቤት የሄደ ዕለት

በእኛ በኩል ሰው ተሰብስቦ ሥራውን ትቶ ክርክር ሲይዝ፣ ሽማግሌ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። ሁሉም ይላታል፤ ከማን ቤት እንደወጣች ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የወጣችው ከአንጁሎ ቤት ነው፤ ያውም ቤቱ ራሱ መንገድ በጀመረ ቀን!

አንጁሎ ከዶርዜ ደጋ ወርዶ፣ ወላይታው፣ ኦሮሞውና አማራው ተሰባጥሮ በሚኖርበት ቆላ፣ ወንዝ ዳር የሰፈረ ሸማኔ ነበር። ቤቱንም እንደ አባቶቹ በቀርከሃ ሠራ። እንዲህ ያለው ቤት ቦታው ሲከፋ አይፈርስም፤ ወንዶች ገብተው እንዳለ ይሸከሙትና ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ወደ ቤቱ ይጠጋ ጀመር። ውስጥ ሚስቱ አራስ ናት። ውሃው ቤቱን ከወሰደው ሕፃኑን የሚያስጠጋበት ሌላ ጣሪያ የለውም። ጎረቤቱ ገመዳ መጣና፣

«እኛ እናንሣልህ እንጂ!» አለው።

«አይሆንም ወንድሜ። ቤት የሚነሣው በዜማ ነው፤ ዜማው ደግሞ በእኛ ቋንቋ ነው። አብሮ ያላዜመ እግሩ አብሮ አይነሣም። ዘመዶቼን ከደጋ አስጠርቻለሁ።»

«ውሃው ዘመዶችህን ይጠብቅልሃል?»

ውሃው አልጠበቀም። በማግስቱ ደጁን ሲነካ የአንጁሎ ኩራት ሟሟ፤ «ኧረ ድረሱልኝ!» አለ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አራሷን ከነልጇ ዳገቱ ላይ አሳረፉና ወንዶቹ ቤቱ ውስጥ ገቡ። አንጁሎ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዜማውን ያስጠናቸው ጀመር! ቃሉን ለመያዝ ሲንተባተቡ፣ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲያስቀምጥ፣ ቤቱ ተንጋደደ። ቀርከሃው ሲጢጥ አለ። አንጁሎ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ጮኸ።

ይኼኔ የመንደሩ ሰርግ አድማቂ እማማ ውድነሽ ከበሯቸውን አንግተው ከተፍ አሉ።

«አንተ ሰው፣ ቤት ነው የምታስነሣው ወይስ ትምህርት ቤት ከፈትህ? ሁሉም የእናቱን ይዝፈን! እግራችሁን ብቻ ለከበሮዬ ስጡኝ!»

ከበሮው ተመታ። ወላይታው በወላይትኛ፣ ገመዳ በኦሮምኛ፣ አማራው በአማርኛ፣ አንጁሎም በአባቱ ዜማ እየጮኹ እግራቸው አንድ ላይ ተነሣ። ቤቱ እንደ ዝሆን እየተንገዳገደ ዳገቱን ወጣ። ከኋላቸው ወንዙ ባዶውን ቦታ ዋጠው።

አንጁሎ ሕፃኑን አቅፎ አለቀሰ። «እንግዳ ነኝ እል ነበር፤ ለካ ዘመዶቼ እዚሁ ናቸው! እግዜር ይስጥልኝ፣ ውለታችሁን ልጄ ይክፈል!» አለ።

ከሰዓት በኋላ የደጋ ዘመዶቹ ደረሱ። አጎቱ ዳገት ላይ የቆመውን ቤት አይቶ ማመን አቃተው።

«ይህን ሁሉ ሰው ያስማማው የማን ዜማ ነው?» ሲል ጠየቀ።

እማማ ውድነሽ ከበሯቸውን ከአንገታቸው እያወረዱ፣ «ዜማው ለየቅል፣ ሸክሙ በእኩል!» አሉት።