ንጉሥ የሰማት ዓሣ

በአንድ የጨው ባሕር ዳርቻ አንበሳ ነግሦ ይኖር ነበር። አንበሳው ዓሣ አይበላም፤ ሽታው ያስጠላዋል። ማጥመድ ግን ነፍሱ ነው። በመዳፉ ከውሃው እያፈሰ አሸዋው ላይ ይጥላቸውና ሲንፈራገጡ እያየ ይስቃል። ከየጫካው የሚጋብዛቸው እንግዶቹም አብረውት ይስቃሉ። ይህ "መዝናኛ" ይባላል፤ ማን እንደተዝናና መጠየቅ ነውር ነው።

ዓሣዎቹ እየተመናመኑ ሲሄዱ ንጉሡ ጭንቅ ያዘው። ለእንግዳ ምን ሊያሳይ ነው? ስለዚህ የማጥመጃው ወራትና አንድ አጥማጅ በቀን የሚያወጣው መጠን በሕግ እንዲወሰን ጉባኤ ጠራ። ዓሣዎቹም አስተያየት እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው፤ ደግነቱን እዩልኝ! ብቻ የአገሩ ወግ ነውና፣ ተናጋሪ ሁሉ ደረቁ አሸዋ ላይ ወጥቶ ከንጉሡ ፊት ነው የሚናገረው።

"እኔ ልናገርላቸው፤ ውሃውም የብሱም ይስማማኛል" አለች ኤሊ።

"አንቺን ማን አጠመደሽ? ጉዳዩ የማይመለከተው አይናገርም" አለ የባሕር ጉዳይ ሹሙ አያ ጅቦ።

ስለዚህ እትዬ ወለላ ወጣች፤ ሆዷን እንቁላል የሞላው ትልቅ ዓሣ ናት። ልመናዋ አንድ ነው፤ ዓሣዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር የሚጠጉበት ወር ለአጥማጅ እንዲዘጋ። እሱ ካልተዘጋ ልጅ የሚባል አይኖራቸውም። "ቶሎ ተናግረሽ ተመለሺ" ብለው ሸኟት።

"ንጉሥ ሆይ፣ የእንቁላላችንን ወር ብቻ ይተዉልን" አለች ገና እንደወጣች። አለቀ። መመለስ ነበረባት።

አንበሳው ግን ራሱን ነቀነቀ። "እንዴት ያለ አንደበት ነው! ቀጥዪ እንጂ እትዬ ወለላ፣ እየሰማንሽ ነው።"

ወይ አለመታደል! ንጉሥ ሰምቷት አያውቅማ፣ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ስለ አያቶቿ ተናገረች፤ ስለ ንጉሡ ርኅራኄ ተናገረች፤ ስለ መተማመን ተናገረች። ቀበሮ አጨበጨበ። አያ ጅቦ ጥያቄ አለኝ አለ፤ መለሰችለት። ሌላም አለኝ አለ፤ ድምጿ እየሰለለ እሱንም መለሰች።

"እትዬ፣ ይበቃል! ግቢ!" ብላ ጮኸች ኤሊ ከዳር።

"አታቋርጪኝ" አለቻት እትዬ ወለላ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ጉባኤው በዝምታ ቆመላት። ቀጥሎ ውሳኔው ተነበበ። አንድ አጥማጅ የሚያወጣው ዓሣ "በልኩ" ይሆናል፤ ልኩን አያ ጅቦ ያውቀዋል። የእንቁላሉ ወር አይዘጋም፤ ዓሣ እንደ ልብ የሚገኘው ያኔ ነዋ! ሆኖም ለመታሰቢያዋ "የወለላ ወር" ተብሎ ይጠራል።

"እሷስ ከዛሬው ልክ ትቆጠራለች?" አለ ቀበሮ።

"በፈቃዷ ነው የወጣችው" አለ ንጉሡ፤ "አትቆጠርም።"

ኤሊ ይህን ልትነግራቸው እየሮጠች ውሃው ውስጥ ገባች። ዓሣዎቹ ግን የሚሰሙበት ጆሮ አልነበራቸውም፤ ለከርሞው ጉባኤ ማን ይውጣ በሚል ተናንቀው ነበር።

"ንጉሡ እኮ እስከ መጨረሻው ነው የሰማት!" ይላል አንዱ።

"እኔን ላኩኝ" ይላል ሌላው፤ "እኔ ከእሷ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።"