ሰፋሪዋ አህያና የፈሰሰው እህል

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ እህላቸውን ይዘው በሚወጡበት ገበያ አንዲት ሰፋሪ አህያ ነበረች። ሻጭና ገዢ ሲስማሙ እህሉን በቁና ሰፍራ የምታስረክበው እሷ ነበረች። ደመወዝ አልነበራትም። በአገሩ ልማድ፣ ስትሰፍር ከቁናው ተርፎ ከሥር በተነጠፈው ቁርበት ላይ የፈሰሰው ፍሬ የሰፋሪዋ ድርሻ ነበር። በደጉ ዘመን ያቺ ፍሬ እሷንም ውርንጭላዋንም ታኖር ነበር።

ዝናብ ከቀረ ወዲህ ግን ገበያው ሳሳ። አህያም መጀመሪያ ትርፍ ስልቻዋን፣ ቀጥላ የጎጆዋን በር ሸጠች።

አንድ ቀን ቀበሮ መጣ። በር የለምና ሳያንኳኳ ዘው አለ።

«እመት አህያ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? ጎድንሽን ከሩቅ ቆጠርኩት እኮ!»

«ተመስገን ነው። ሁሉም ያልፋል» አለች አህያ። የምታቀርብለት ስለሌላት የተቀመጠችበትን ድንጋይ ለቀቀችለት።

ቀበሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልምከርሽ። ስትሰፍሪ እግርሽን ትንሽ አንቀጥቅጪው። ትንሽ ብቻ! አርጅተሻል፣ ማን ይጠረጥርሻል? የፈሰሰውን እኔ እጠርጋለሁ፤ እኩል እንካፈላለን። ሌብነት እንዳይመስልሽ፣ ልማዱ ነው።»

«ልማዱ የፈሰሰውን ውሰጂ አለ እንጂ አፍስሺ አላለም።»

«እንግዲያው ክብርሽን ቀቅለሽ ለልጅሽ አብያት!» ብሎ ወጣ።

ይህ ቃል አህያን ጎዳት። ውርንጭላዋ ባዶ ገበታ ስትልስ አየቻትና፣ «ምን አለበት፣ ለአንድ ቀን ብቻ» የሚል ሐሳብ መጣባት። ሐሳቡ ስለመጣባትም ራሷን ፈራች።

በማግስቱ በግ ለዘር ያስቀረቻትን ገብስ ልትሸጥ መጣች። አህያ ቁናውን ስታነሳ እግሯ ተንቀጠቀጠ፤ ፍሬው ቁርበቱ ላይ ተንዠቀዠቀ። ቀበሮ ከዳር ሆኖ ጠቀሳት።

አህያ ደነገጠች። እግሯ የተንቀጠቀጠው በራብ ነው ወይስ በቀበሮ ምክር? እሷም መለየት አቃታት። ተንበርክካ ፍሬውን ለቅማ ወደ ቁናው መለሰች።

«ተዪው እንጂ እመት አህያ፣ ድርሻሽ ነው!» አለች በግ።

«የዛሬው ድርሻዬ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም እህቴ።»

ከዚያም ቁናውን ይዛ ወደ ገበያው ዳኛ፣ ወደ አንበሳ ሄደች። «ጌታዬ፣ እግሬ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሌላ ሰፋሪ ይፈለግ።»

«በምን ልትኖሪ ነው?» አለ አንበሳ።

«እሱን አላውቅም። በዚህ ግን አልኖርም።»

ቀበሮ ተሽቀዳድሞ ጅብን በቦታዋ አስሾመ። «አያ ጅቦ፣ ትንሽ አንቀጥቅጥ» ብሎም በጆሮው መከረው። ጅብ ግን ትንሽ የሚባል ነገር አያውቅም። የፍየልን ስንዴ ገና ሲያነሳ ቁናውን እንደ ወንፊት አርገፈገፈው፤ አንዲት ፍሬ አልቀረችበትም።

«ፈሰሰ! የኔ ነው!» ብሎ እህሉ ላይ ተጋደመበት።

«ኧረ ቀስ፣ አንተ ጅል!» አለ ቀበሮ።

«ቀስ ብዬ እኮ ነው! አንተ አይደለህ አንቀጥቅጥ ያልከኝ?»

ገበያተኛው ሁሉ ሰማ። አንበሳም ሁለቱን ከገበያው አባረራቸው።

በግና ፍየል ተያይዘው አህያን ፍለጋ ሄዱ። ከልጇ ጋር ወንዝ ዳር ደረቅ ሣር ስትቃርም አገኟትና እንድትመለስ ለመኗት።

«እግሬ እኮ ይንቀጠቀጣል» አለች።

«እግርሽን መች ፈለግን?» አለች ፍየል። «እኛው እንሰፍራለን። አንቺ አጠገባችን ቁጭ በይልን። አንቺ እያየሽ የሚያጭበረብር የለም።»

ከዚያ ወዲህ ሰፍሮ የጨረሰ ሁሉ ከቁናው አናት አንድ እፍኝ ያነሳላት ጀመር። ብዙ አልነበረም፤ ዝናቡም ገና አልመጣም። ሆኖም ያቺን እፍኝ ለልጇ ስታቀርብ ሳታፍር ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ችግር ያለንን ሁሉ ቢወስድብንም መታመናችንን ግን እኛው ካልሰጠነው በቀር ሊወስድብን እንደማይችል ነው።