አቀንጭራ ያልሰማው ጥሪ

አንድ ባይለየኝ የሚባል ኬሚስት ከሚስቱ ከአትጠገብ ጋር ይኖር ነበር። ሥራቸውም አንድ ነበር። በአገራቸው አቀንጭራ የሚሉት አረም ማሽላውን ከሥሩ እየመጠጠ ገበሬውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ሆርሞን ሲደርሰው ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ ይህን ሆርሞን ራሳቸው ሠርተው ማሽላ ባልተዘራበት ማሳ ሊረጩት አሰቡ። ዘሩ ተጠርቶ ይወጣል፤ የሚጣበቅበት ሥር አጥቶ ይሞታል።

ችግሩ የሆርሞኑ ቅርጽ ነበር። ሥሩ የሚያመነጨው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ቅርጹን አይቶ መለየት አልተቻለም። እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል። ሠርቶ ዘሩን ከመጠየቅ በቀር መንገድ የለም። ባይለየኝ አንዱን መርጦ ብዙ ደክሞ ሠራው። ዘሩ አልነቃም። «እጄ የሆነ ቦታ ስቶ ይሆናል» እንዳለ ታመመና ሞተ።

አትጠገብ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ ወደ ሥራው ተመለሰች። እሱ የሠራውን ያንኑ ደግማ ሠራች። ዘሩ እንደተኛ ቀረ። የበለጠ አጥርታ ሠራች። አሁንም አልነቃም።

ማሳቸውን ለሙከራ የሰጧት ሽማግሌ ገበሬ አያ ደምለው ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ሌላኛውን ለምን አትሞክሪም?»

«ባይለየኝ የመረጠው ይሄን ነው፣ አያ ደምለው።»

«አረሙ ደግሞ ባይለየኝን አያውቀውም! ዘንድሮም ካልነቃ መሬቴን ትቼ ከተማ እገባለሁ። የሰው በር ስጠብቅ ታገኚኛለሽ።»

ሙት ዓመቱ ደረሰ። የባይለየኝ እህት ፎቶውን አሳድጋ አሳጥባ አመጣች። ሴቶቹ «ቁርጥ እሱን!» እያሉ አለቀሱ። አትጠገብ ግን እንባ አልመጣላትም።

«ምነው፣ እሱ አይደለም እንዴ?» አለች እህቱ ቅር ብሏት።

«እሱማ ነው። ግን አይጠራኝም።»

እንግዳው ሲበተን ፎቶውን ታቅፋ በቁም መስታወቱ ፊት አለፈች። ባይለየኝ መስታወቱ ውስጥ ነበር። የቅንድቡ ጠባሳ እሷ በምታውቀው በኩል ተመልሷል። ለካ ፎቶ ቤቱ ገልብጦ ነው ያጠበው! እዚያው ቁጭ ብላ እስኪወጣላት አለቀሰች።

ከዚያ ተነስታ ሁለተኛውን ቅርጽ፣ ባይለየኝ የሠራውን የመስታወት ምስል፣ ሠራች። ዘሩ ነቃ።

«ሰማ! ይሄ ደንቆሮ ሰማ!» አሉ አያ ደምለው እጃቸውን እያጨበጨቡ። ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሟቹ ልፋት ታዲያ ከንቱ ቀረ?»

«የለም። እሱ ያኛውን ሠርቶ ባይፈትነው ኖሮ እውነተኛው ቅርጽ ይሄኛው እንደሆነ በምን አውቅ ነበር?»

ነጫጭ ቡቃያዎቹ የሌለውን ሥር ሲፈልጉ አየቻቸው። አረም መሆናቸውን እያወቀች አሳዘኗት። እሷም እስከ ዛሬ በር በተንኳኳ ቁጥር ባሏ የመጣ እየመሰላት ብድግ ትላለችና።

የወደድነውን ሰው የምናከብረው እሱ በቆመበት ተተክለን በመቅረት አይደለም። ያልሰመረለት ሥራም ቢሆን መንገዱ በዚያ በኩል እንዳልሆነ ይነግረናል፤ የቀረውን መሄድ የእኛ ፋንታ ነው። እናንተስ፣ ከሟች እጅ የተቀበላችሁትን ሥራ እየቀጠላችሁት ነው ወይስ እየደገማችሁት?