አዝሙዱን ማን አሳረረው?

አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ዘመዶቻቸው ከመካከላችሁ ተቀምጠው ቢሆንስ?

እኚህ እናት ጎባ ውስጥ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። በየዓመቱ ቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ የአራቱ ቤት ሴቶች ለፋሲካው ዶሮ ወጥ መከለሻ የሚሆነውን ቅመም አንድ ላይ ተቀምጠው ያምሳሉ። ኮረሪማው ለብቻው፣ ጥቁር አዝሙዱ ለብቻው፣ ነጭ አዝሙዱ ለብቻው። ለምን አይደባለቅም? ኮረሪማው ገና ሲሞቅ ነጭ አዝሙዱ አርሮ ያልቃላ! ይህን የማውቀው አንድ ጊዜ ሞክሬው ነው። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ብረት ምጣድ አታስነካኝም።

ታዲያ መድረሱ በምን ይታወቃል? ቀምሰው እንዳትሉኝ። ከዓርብ ጀምሮ የሚያከፍል ሰው ውሃ እንኳ አፉ አይገባም። እንግዲህ የቀረው አፍንጫ ነው። በዚያ ግቢ ደግሞ የሚታመነው አፍንጫ አንድ ብቻ ነበር፤ የእኚህ እናት። ወደ ምጣዱ ጎንበስ ብለው «ቆይ» ካሉ ይቆያል። «ይውረድ» ካሉ ይወርዳል። ይግባኝ የለውም!

ምራታቸው ወይንሸት ትባላለች። አምና በቅዳሜ ሹር ነጭ አዝሙዱ ትንሽ ጠቆር ቢልባት፣ አማቷ ሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ «እናትሽ ቤት አዝሙድ የሚታመሰው ከሰል እስኪሆን ነው?» አሏት። ተሳቀ። ወይንሸትም አብራ ሳቀች። ወገኖቼ፣ አብሮ የሳቀ ሁሉ አልተጎዳም ያላችሁ ማን ነው?

በገና ሰሞን እኚህን እናት ጉንፋን ጣላቸው። እንደ ወጉ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥረው፣ በመዳፋቸው ፈትገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ምንም። አሮጌ ቢሆን ነው ብለው አዲስ አስገዝተው ቋጠሩ። ምንም። ጉንፋኑ ሄደ፤ ሽታ ግን አልተመለሰም።

ለማንም አልተናገሩም። ለምን? ባላቸው ሞተዋል። ልጃቸው አግብቷል። ጉልበታቸው ደክሟል። በዚያ ግቢ «ያለ እርስዎ አይሆንም» የሚባሉበት ነገር ይቺ አፍንጫ ብቻ ነበረች። እሷም ሄደች ከተባለ ምን ሊቀራቸው ነው?

ቅዳሜ ሹር ደረሰ። ኮረሪማውን በዓይን ገመቱት፣ አለፈ። ጥቁር አዝሙዱ ሲንጣጣ በጆሯቸው ያዙት፣ አለፈ። ነጭ አዝሙዱ መጣ። እሱ ደቃቅ ነው፤ ድምፅም የለው። ወይንሸት ታማስላለች። እናት ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ።

«ቆይ» አሉ።

ወይንሸት ሸተታት። እጇ ቆመ።

«ምን ያስቆምሻል? አማስዪው እንጂ!»

በሩ አጠገብ የምትኖረው ጎረቤታቸው አመለወርቅ ቀና አለች። «ምንድነው የሚሸተኝ? አረረ እንዴ?»

ሁሉም ወደ እናት ዞሩ። የእናት ፊት ምን እንደመሰለ ልነግራችሁ አልችልም።

እዚህ ላይ ላቁመው። እናንተ ወይንሸትን ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ዓመት ሙሉ የጠበቃችሁት ሰዓት እኮ ነው! «እሳቸው ቆይ ብለው ነው» ማለት ብቻ ነው። ውሸት የለበትም። እኛ ደግሞ እውነት የሆነ ጭካኔ ስናገኝ እንዴት ደስ ይለናል! ሰውን እናሳርርና «እኔ እኮ እውነቱን ነው የተናገርኩት» ብለን በሰላም እንተኛለን።

ወይንሸት ምጣዱን መንጭቃ አወረደችው። «ውይ፣ እኔ ነኝ እትዬ አመለወርቅ! እማማ አውርጂ ሲሉኝ ሐሳብ ይዞኝ ሄዶ ነው።»

«አምናም አንቺ፣ ዘንድሮም አንቺ! ባልሽን በምን ይዘሽው ነው?» አለች አመለወርቅ። ተሳቀ።

ዋሸች እኮ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ዋሸች። እሱን ለንስሐ አባቷ ትንገር፤ እኔ ዛሬ የመጣሁት ለሌላ ነው።

ሌላ አዝሙድ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። እናት ተከተሏት፤ በሩንም ገርበብ አደረጉት።

«አውርጂ አላልኩሽም።»

«አላሉኝም።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከጥምቀት በኋላ። ሽሮው አጠገብዎ እያረረ ስለ ልጅዎ ልጅነት ያጫውቱኝ ነበር። ጨዋታውን ላለማቋረጥ ቀስ ብዬ አወረድኩት።»

እናትም፣ «አምና ያልኩሽን ረስተሽው ነው?»

«ኧረ አልረሳሁትም እማማ! እንዴት ይረሳል? ሰው ፊት እንደዚያ መሆን ምን እንደሆነ ስለማውቅ እኮ ነው።»

እናት የምራታቸውን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያም ወጥተው ሴቶቹ መካከል ቆሙ።

«አመለወርቅ፣ ስሚኝ። አዝሙዱን ያሳረርኩት እኔ ነኝ። አፍንጫዬ ከገና ወዲህ ሞቷል። ይቺ ልጅ ነች የሸፈነችኝ። የዛሬውን እሷ ታሸታለች።»

አመለወርቅ አፏን ከፍታ ቀረች። «እና ያቺ ያመጣሁልዎ ሽሮ... ‹ሽታዋ ግሩም ነው› ያሉኝስ?»

«ስለምወድሽ ነው እንጂ ምኑን አውቄው!»

ሁሉም ሳቁ፤ አሁን ግን ሳቁ ማንንም አልነካም። አዲሱ አዝሙድ ተጣደ። እናት ከምራታቸው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀመጡ።

«ምን ይሸትሻል?»

«ሣር ሣር ይላል።»

«ገና ነው። አሁንስ?»

«አሁን... ውይ እማማ፣ አሁንማ አስራበኝ።»

«በይ አውርጂው!»

ወገኖቼ፣ ቀኑን አስቡት። ቅዳሜ ሹር ነው። ያላጠፋው ጌታ ጥፋታችንን በራሱ ላይ አድርጎ በመቃብር የዋለበት ቀን ነው። በእሱ የዳንን ሰዎች እንዴት ነው የሌላውን ጭስ ለማሳየት እንዲህ የምንቸኩለው?

እያንዳንዳችሁ ቤት አንድ ሰው አለ። ጆሮው የደከመ አባት። ዓይኗ የፈዘዘ እናት። ስማችሁን ከወንድማችሁ ስም ጋር የምትቀላቅል አክስት። እናንተ ታውቃላችሁ። እነሱም ማወቃችሁን ይፈራሉ፤ ስለዚህ ጮክ ብለው ያወራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ያላዩትን አይተናል ይላሉ። እናንተ ደግሞ ሰው ፊት ታርሟቸዋላችሁ፤ ትክክል ናችሁና!

ዛሬ ከዚህ ስትመለሱ አባታችሁ ያንን አሥር ጊዜ የሰማችሁትን ታሪክ ይጀምርላችሁ ይሆናል። «ነግረኸኛል እኮ» እንዳትሉት። ወንበራችሁን ጠጋ አድርጉና «ከዚያስ?» በሉት።