የአይጥ ዱባ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ሳይሆን «የዱባ መደብ» በሉኝ።

አንዲት ንፉግ አይጥ ከጉድጓዷ አፍ አጠገብ ዱባ ተከለች። ዱባው ከማደጉ የተነሳ ከጀርባው ላሉት ጎረቤቶች ፀሐይ በእኩለ ቀን ትወጣላቸው ጀመር።

ሆዳሙ ጃርት መጥቶ፣ «እትዬ አይጥ፣ ደርሷል እኮ! ለጎረቤት ቅምሻ የለም?» አላት።

«ኧረ ገና ነው፤ ትንሽ ይፋፋ!» ብላ ጉድጓዷ ገብታ ተኛች።

ጠዋት ስትነሳ ዱባው ፋፍቶ በሯን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። ብትግጠው፣ ብትግጠው አላልቅ አላት። ትንፋሽ ሲያጥራት፣ «አያ ጃርት፣ ድረስልኝ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ላድርግልሽ እትዬ? እኔ የሰው ዱባ አልነካ!» አላት ጃርት ምራቁን እየዋጠ።

«ብላው እንጂ! በሞቴ፣ አፈር ስሆን ብላልኝ!»

ጃርት ከውጭ፣ አይጥ ከውስጥ ሲግጡ ውለው መሀል ላይ ተገናኙ። ተረቴ ይኸው፤ የተረፈውን ጃርት በልቶታል።